እንጀራው ከማን ሌማት ወጣ? መንገደኛና ባላገር በኢትዮጵያ የጉዞ ታሪክ



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ወደ ሀገራችን የመጣው መንገደኛ የበላው እንጀራ ከማን ሌማት ወጣ? «ኃላፊነት የሚሰማው ጉዞ» የሚለው አነጋገር በዘመናችን የተፈጠረ ይመስለናል። ጥያቄው ግን ከአነጋገሩ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

እንግዳን የመቀበል ልማዳችንን ስናወድስ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እናደባልቃለን። አንደኛው የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል የሚያገኘው መስተንግዶ ነው። ባለቤቱ ካለው ያካፍላል፤ የሚሰጠውም በፈቃዱ ነው። ሁለተኛው ድርጎ ነው። ዛሬ ቃሉን የምናውቀው ከቀለብና ከአበል ጋር ነው። በቀድሞው ሥርዐት ግን ድርጎ ለንጉሥ እንግዳ በንጉሥ ትእዛዝ የሚቀርብ ስንቅ ነበር። አዛዡ ንጉሡ፣ በላተኛው እንግዳው፣ አቅራቢው ደግሞ እንግዳው ያረፈበት አገር ባላገር ነው።

ምስክሩን ከመንገደኞቹ ጽሑፍ ከራሱ እናገኛለን። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 ምጽዋ ላይ ከወረደው መልእክተኛ ቡድን ጋር መጥቶ እስከ 1526 በሀገራችን ቆየ። በ1540 ሊዝበን ላይ የታተመው መጽሐፉ ስለ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አውሮፓውያን ካነበቧቸው ጽሑፎች ቀዳሚው ነው። ስላየው ሕንጻ ቢጽፍ የሚያምነው እንዳይጠፋ መሥጋቱ በብዙ ጽሑፎች ይወሳል። ከዚሁ መጽሐፍ እምብዛም የማናወሳው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የጓዙ ታሪክ ነው። የመልእክተኞቹ ዕቃ ከአንዱ ግዛት ወሰን እስከ ሌላው የተጓዘው በየአካባቢው ሰው ጫንቃ ነበር። ሕዝቡ በዘገየ ወይም እንቢ ባለ ጊዜ መሪዎቹ ኀይል ይጠቀሙ ነበር። የተሸካሚዎቹን ስም ግን ከመጽሐፉ አናገኝም።

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላም ነገሩ አልተለወጠም። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ ጓዙን ወደ አንኮበር ያወጣው ባላገር ነው፤ ድርጎም ታዘዘለት። እዚህ ላይ ለታሪክ ተማሪ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመንገደኞች ጽሑፍ ምስጋናውን ለንጉሡ ያቀርባል፣ ምሬቱን ደግሞ በባላገሩ ላይ ያፈስሳል። ንጉሡ «ለጋስ»፣ ገበሬው «ንፉግ» ይባላል። ለጋስ የተባለው ከሌላው ጎተራ የሰጠው መሆኑን፣ ንፉግ የተባለውም የዓመት ቀለቡን ለማዳን የታገለው መሆኑን ካላስተዋልን ምንጩን ገልብጠን አንብበነዋል ማለት ነው።

ድርጎ ከሥርዐቱ ጋር አለፈ። በ1960ዎቹ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የመሩት የቱሪዝም ሥራ «የ13 ወር ፀጋ» በሚለው መጠሪያ ሀገሪቱን ለዓለም አስተዋወቀ። ጎብኚው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን በአውሮፕላን ያዳርስ ጀመር። የባላገሩ ጫንቃ ከሸክም ዐረፈ። ነገር ግን ገንዘቡም በአውሮፕላኑ መንገድ ሄደ፤ ከከተማ ወደ ከተማ ሲያልፍ በመካከል ያለውን መንደር ዘለለው።

የከበደው ዋጋ የተጠየቀው በስሜን ነው። ብሔራዊ ፓርኩ በ1969 በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዋልያውና ቀይ ቀበሮው በመመናመናቸው፣ እርሻውና ግጦሹም በመስፋፋቱ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ከመውጣቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪ ወደ ደባርቅ እንዲዛወር ተደረገ። ዋልያው መጠበቅ እንዳለበት የሚከራከር የለም። ይሁንና ዓለም በሙሉ ለሚደሰትበት ቅርስ ቀዬውን የለቀቀው አንድ መንደር ነው። ካሳና የከተማ ቦታ ለገበሬ ርስቱን ይተካሉ ወይ? ይህን ጥያቄ በመዝገቡ መታደስ መዝጋት አይቻልም።

ሌላ መንገድ መኖሩን ያሳየን የሰሜን ወሎው መቄት ነው። ድርቅ ደጋግሞ በጎዳው በዚህ አምባ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተራድኦ ድርጅት እገዛ፣ ገበሬዎች በገደሉ አፋፍ የእንግዳ ጎጆዎች ሠሩ። ጎብኚው ከመንደር መንደር በእግሩ ይሄዳል፤ ጓዙ በአህያ ይጫናል፤ ምግቡን የመንደሩ ሰው ያሰናዳል። እስከዚህ ድረስ ከአልቫሬዝ ጉዞ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ የእንግዳው ቁጥር የተወሰነ፣ ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ፣ ጎጆው የመንደሩ፣ ሥራውን የሚመራውም ከመንደሩ የተመረጠ ኮሚቴ መሆኑ ነው። ባላገሩ ታዛዥ መሆኑ ቀርቶ ባለቤት ሆነ።

ባለቤትነት ግን ከአደጋ አያድንም። ከ2020 ጀምሮ ወረርሽኙ፣ ቀጥሎም ጦርነቱ መንገዱን ዘጉት። ኑሮውን በሙሉ በጎብኚ ላይ ያቆመው የላሊበላ አስጎብኚና የእንግዳ ማረፊያ ሠራተኛ ምንኛ እንደተቸገረ ብዙዎቻችን እናውቃለን። የእንግዳ ገቢ ለማረሻው ተጨማሪ የሆነለት ገበሬ ቢያንስ ማሳው ነበረው። ከዚህ የምማረው፣ ጎብኚ ለመንደር ደጋፊ እንጂ ምሰሶ ሊሆን እንደማይገባው ነው።

ክቡራን ታዳሚዎች፤ ሰላም ሲጸና እንግዳ መምጣቱ አይቀርም፤ ስንት ሰው እንደመጣም እንቆጥራለን። እናንተ የነገ ተመራማሪዎች ግን ሌላም ቁጠሩ። ጎጆው የማን ነው? ዋጋውን የቆረጠው ማን ነው? መንደሩ «ዘንድሮ አንቀበልም» ለማለት ይችላል ወይ? የእግዜር እንግዳን ከድርጎ በላተኛ የለየው ይህ የመጨረሻው ነው፤ አስተናጋጁ እንቢ ለማለት መቻሉ። በሩ በፈቃድ ሲከፈት ብቻ መስተንግዶው መስተንግዶ ይሆናል።