የ10 ዶላር ጠበቃ

አሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነቷ መሀል፣ በ1864 እ.ኤ.አ.፣ አንድ ሕግ አወጣች፦ ጡረታ ለሚጠይቅ ወታደር የቆመ ጠበቃ ከ10 ዶላር በላይ አያስከፍልም። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ የቁስለኛውን ገንዘብ የሚበሉ ሰዎች ነበሩና። ጉዱ ግን ያ 10 ዶላር እስከ 1988 መቆየቱ ነው! በ10 ዶላር የሚሟገት ጠበቃ ከየት ይመጣል? በዚያ ላይ ከ1933 ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ «አይገባህም» ካለ ፍርድ ቤት መሄድ አይቻልም ነበር። ከልካዩም ይግባኝ ሰሚውም እሱው።

በ1988 ለዚሁ ጉዳይ የሚሆን ፍርድ ቤት ተቋቋመ። በ1995 ፍርድ ቤቱ «መገጣጠሚያው ስንት ዲግሪ ይታጠፋል ብሎ መለካት ብቻ አይበቃም፤ ሕመሙ ሲነሳ ምን ያህል እንደሚያግድም ይታይ» አለ። በ1999 ግን ያው ፍርድ ቤት፣ ሐኪም የበሽታ ስም ያላወጣለት ሕመም ብቻውን ጉዳት አይባልም ብሎ ወሰነ። ጉልበቱ እያነከሰው ራጁ ንጹሕ የሆነ ሰው ምን ይበል?

ይህን የሰበረችው ከ1987 እስከ 1994 በጦሩ ያገለገለች፣ ሁለቱም ጉልበቶቿ የሚያሟት ሴት ናት። በ2018 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ሥራ የሚያግድ ሕመም በራሱ ጉዳት ነው ብሎ ፈረደላት።

በአሜሪካ ጦር ያገለገላችሁ ወገኖች፣ የእምቢታ ደብዳቤ ከመጣ መጀመሪያ ቀኑን እዩ። ከ2019 ወዲህ ሦስት መንገድ አለ፦ አዲስ ማስረጃ ማቅረብ፣ በከፍተኛ ባለሙያ ማስመርመር፣ ወይም ለቦርዱ ይግባኝ ማለት። የመጀመሪያው ጥያቄ ቀን እንዳይጠፋባችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ አስገቡ።