ባይተዋር

ባይተዋር በሰው መሃል ሆኖ የእኔ የሚለው ሰው ያጣ ነው። ብቸኛ የሆነ፣ ሰው ቢመጣለት ብቸኝነቱ ይቀልለታል፤ ባይተዋር ላይ ግን የሰው ብዛት ብቸኝነቱን ያብስበታል። በቤይሩትና በሪያድ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያድሩ እህቶቻችን ቃሉን ያውቁታል። የመኖሪያ ፈቃዳቸው በአብዛኛው ከአሠሪያቸው ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ እንደ ልብ ወጥቶ ወዳጅ ማፍራት የለም። ሌሊት ሥራ ሲያበቃ ቲክቶክ ላይቭ ገብተው በአማርኛ “እንዴት ዋልሽ?” የሚላቸው ሲያገኙ፣ ጊዜ ማባከን ነው ብሎ መውቀስ ግፍ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 እንደወጣው ሬፕሊካ ያለ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ጓደኛም ውሎን ይጠይቃል፤ እህታችን ብትታመም ግን አያስታምምም፣ ደመወዟን ብትከለከል አይጮህላትም። እህት ያላችሁ ዛሬ ደውሉላት፤ ስለ ገንዘብ ሳታነሱ።