ከነጠላ ጫፍ እስከ ፍትሐ ብሔር፦ የሰሜኑ ሕግ ጉዞ

የአገራችንን የሕግ ታሪክ ከመቀሌ ተነሥቶ የሚቃኝ ሁለት ጅረት ያገኛል፤ አንዱ ከመጽሐፍ የወረደ፣ ሌላው ከመንደር የፈለቀ።

የመጽሐፉ ምንጭ ፍትሐ ነገሥት ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን ኢብን አል-አሳል የተባለ ግብፃዊ ክርስቲያን ሊቅ በዐረብኛ አሰናዳው፤ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደሆነ ይተረካል። ከ51 አንቀጾቹ 22ቱ መንፈሳዊ፣ 29ኙ ሥጋዊ ናቸው። በቻይናም የታንግ ነገሥታት በ653 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሕግ የኮንፊሽየስን ግብረ ገብ ከቅጣት ጋር አዋሕዷል። እዚያ ግን ሕጉን እስከ ወረዳ የሚያወርድ ሹም ነበር፤ የእኛ መጽሐፍ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መቀሌ ላይ ቤተ መንግሥት ባሠሩበት ዘመን እንኳ ከግቢና ከቤተ ክህነት ብዙም አልራቀም።

ገበሬውን ያረመው ሁለተኛው ጅረት ነው። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው፣ ጎን ለጎን ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር። አላፊ አግዳሚው ሳይቀር በመንገድ ዳር ዳኛ ሆኖ ይሰየም ነበር። ቋጠሮውን ያጠበቀው ወታደር አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ሌባው ካልታወቀ አገሬው ተሰብስቦ ጥፋተኛውን ለማውጣጣት ለአውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፤ ነፍስ ከጠፋ የገዳይ ዘመድ ለደም ካሳ ያዋጣል። በራያና በወጀራት ደግሞ የትግራይና የአፋር ሽማግሌዎች የግጦሽ፣ የከብት ዝርፊያና የደም ጉዳይን አቦ ገረብ በሚባለው የሽምግልና ሥርዓት አብረው ይዳኛሉ። በእኔ ግምት የዚህ ሥርዓት ብርታቱ ወህኒ አለመሻቱ ነው፤ ሰውን በሰው ያስራል። ድካሙም እዚያው ነው፤ ያላጠፋው ዘመድ ይከፍላል፣ የሴቲቱ ድምፅም በሽማግሌ ሸንጎ እምብዛም አይሰማም።

ከዚያ የኮድ ዘመን መጣ። የ1923ቱ የወንጀል ሕግ መንገዱን ከፈተ፣ የ1949ኙ ተካው፤ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር በቁጥር 3347 በያዛቸው ጉዳዮች ሁሉ ልማዳዊውን ደንብ ሻረ። በወረቀት ላይ ጅረቱ ደረቀ፤ በመንደር ግን ፈሰሰ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 34 ባለጉዳዮቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ በር ከፈተ።

የደም እርቅ ከዚህ በር ውጭ ቀርቷል። ፍርድ ቤት ገዳዩን ቢያስርም ሁለቱን ወገን የሚያስታርቁት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሕግ አውጪዎቻችን ለዚህ ሥራቸው ግልጽ ስፍራ ይስጡት።