የቤት ሻጋታ በሕፃናት መኝታ ክፍል (ሶደሬ)

የቤት ሻጋታ እርጥበት በያዘ ግድግዳ፣ ኮርኒስ፣ እንጨትና ጨርቅ ላይ የሚበቅል ፈንገስ ነው። ክላዶስፖሪየም፣ ፔኒሲሊየምና አስፐርጊለስ በብዛት የሚገኙት ወገኖች ናቸው። በዓይን የማይታየው ዘራቸው ከአየር ጠፍቶ አያውቅም፤ የረጠበ ነገር በ24 እና በ48 ሰዓት መካከል ካልደረቀ መብቀል ሊጀምር ይችላል።

ሶደሬ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአዋሽ ዳር የምትገኝ፣ በፍል ውኃዋ የታወቀች ስፍራ ናት። ቆላ ስለሆነች ሻጋታ የደጋ ሰው ጣጣ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ ሰርጎ ኮርኒሱን ያበሰብሳል። ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ፣ የሚፈላ ድስትና የተኙ ሰዎች ትንፋሽም ክፍሉን ያረጥቡታል። አካባቢው ወባ ያለበት በመሆኑ መስኮት ገና ሲመሽ ይዘጋል፤ መውጫ ያጣው እንፋሎት ሌሊት በቀዘቀዘው ቆርቆሮ ላይ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። መስኮቱ ወንፊት፣ አልጋው አጎበር ካላቸው ግን ትንኝ ሳይፈሩ አየር ማስገባት ይቻላል። ለሕፃን ክፍል ከዚህ የተሻለ ወጪ የለም።

ሶደሬ በምትገኝበት በስምጥ ሸለቆ ሻጋታን ከጨው መለየት ያስፈልጋል። የአካባቢው የከርሰ ምድር ውኃ ብዙ ጊዜ ማዕድን ስለሚበዛበት፣ ከመሠረት ወደ ላይ የሚሳበው እርጥበት ሲደርቅ በግድግዳው ግርጌ ነጭ ዱቄት ይተዋል። ጨው ውኃ ሲነካው ይሟሟል፣ አይሸትም። ሻጋታ ግን አይሟሟም፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፣ የታፈነ ሽታም አለው። ይሁንና ጨውም ቢሆን ግድግዳው ውኃ እየሳበ መሆኑን ይናገራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ የቤት እርጥበትና ሻጋታ ከሳል፣ ከሲርሲርታና ከአስም ጋር እንደሚያያዙ ገልጿል። ሕፃናት ከክብደታቸው አንጻር ከአዋቂ የበለጠ አየር ስለሚስቡ ይበልጥ ይጎዳሉ።

መፍትሔው የውኃውን ምንጭ ከመድፈን ይጀምራል፤ በሻጋታ ላይ ቀለም መቀባት ችግሩን ከመደበቅ አያልፍም። ጠንካራ ገጽ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ይደርቃል። በሚያጸዱበት ጊዜ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ሕፃኑንም ከክፍሉ ማውጣት ያስፈልጋል። የሻገተ ምርጊት ተፍቆ፣ ግድግዳው በሚገባ ከደረቀ በኋላ እንደገና ይመረጋል። የሻገተ ስፖንጅ ፍራሽ መጣል አለበት፤ ፀሐይ ላይ ማስጣት አያድነውም። ለጽዳት የሚውል በረኪና ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ስለሚያመነጭ ፈጽሞ አይደባለቅ። አዲሱ ፍራሽ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ከወለል ከፍ ባለ አልጋ ላይ ይሁን።

ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ወይም ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሕፃን የክፍሉ ጽዳት እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።