የሴራ ሽንቁር

ፊልም አይተን ስንወጣ ታሪኩ የሆነ ቦታ ላይ ካነከሰብን «አልተዋጠልኝም» እንላለን፤ ክርክሩም ከዚያ ይጀምራል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ከእነዚህ ጉድለቶች ለአንዱ «ፕሎት ሆል» የሚል ለብቻው ስም አውጥተውለታል። እኔ «የሴራ ሽንቁር» ብዬዋለሁ። አንድ ታሪክ ራሱ ያቆመውን እውነት ወይም ሕግ፣ ምክንያት ሳይሰጥ ራሱ ሲያፈርሰው የሚፈጠረው ጉድለት ነው።

«ሴራ» በሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን የድርጊቶችን የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት ይሰይማል። «የታሪክ ክፍተት» ማለትም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ደራሲ ለተመልካች ግምት አውቆ የሚተወውም ነገር ክፍተት ነው። እንስራ ግን ታውቆ አይሸነቆርም፤ ከተሸነቆረም ውኃ አይዝም። «ሽንቁር» ያልሁት ለዚህ ነው።

ቃሉ በጣም የሚያስፈልገን ስላሸር ለሚባሉት አስፈሪ ፊልሞች ነው፤ ገዳዩ፣ ብዙ ጊዜ ጭምብል አጥልቆ፣ ወጣቶችን አንድ በአንድ እያደነ በስለት ይጨርሳል። እዚህ ተመልካቹ ከምትታደነው ልጅ ጋር አብሮ ስለሚሸሽ እያንዳንዱን ውሳኔዋን በራሱ ነፍስ ይመዝነዋል። «ለምን ተመለሰች? ለምን መብራት አላበራችም?» እያለ ይቆጣል። ቁጣው እውነተኛ ነው። ግን የተቆጣንበት ሁሉ ሽንቁር አይደለም።

የጆን ካርፔንተርን «ሃሎዊን» (1978 እ.ኤ.አ.) እንውሰድ። ማይክል ማየርስ በስድስት ዓመቱ እህቱን ገድሎ ወደ አእምሮ ሕሙማን ተቋም ይገባል። በ21 ዓመቱ ከዚያ አምልጦ በመኪና ወደ ትውልድ ከተማው ይመጣል። መንዳት የት ተማረ? ፊልሙ ጥያቄውን አልሸሸውም። አንዱ የተቋሙ ሰው ማይክል መንዳት እንደማይችል ሲናገር፣ የማይክል ሐኪም ዶክተር ሉሚስ ትናንት ማታ ግን በደንብ እንደነዳ፣ ምናልባትም እዚያው ያለ ሰው አስተምሮት እንደሆነ ይመልስለታል። በእኔ ዳኝነት ይህ ሽንቁሩን በጣት ማሳየት እንጂ መድፈን አይደለም።

በዚያው ፊልም ሎሪ ገዳዩን ከጣለችው በኋላ ቢላውን አጠገቡ ትጥለዋለች። ብዙ ተመልካች ይህን ከሁሉ የከፋ ስህተት አድርጎ ይቆጥረዋል። እኔ አልስማማም። ሎሪ ልጆች የምትጠብቅ ዓይናፋር የ17 ዓመት ተማሪ ናት፤ ሰውየው ሞቷል ብላለች፤ በእጇ የያዘችው ደግሞ ሰው የወጋችበትን ስለት ነው። መጸየፏ ከጠባይዋ የመጣ ነው። ስህተቱ የገጸ ባሕርይዋ እንጂ የታሪኩ አይደለም። በዌስ ክሬቨን «ስክሪም» (1996 እ.ኤ.አ.) ዋና ገጸ ባሕርይዋ ሲድኒ በዋናው በር መውጣት ሲገባቸው ደረጃ በሚወጡ የፊልም ሴቶች ላይ ታሾፋለች፤ ጥቂት ቆይቶ ራሷ ወደ ላይ ትሮጣለች። ነገር ግን በሩ በሰንሰለት ተይዞ ስለነበር ወዲያው አልከፈት ብሏታል። ሽንቁር ሊሆን የሚችለውን ነገር አንዲት ሰንሰለት ደፈነችው።

አሁን ደግሞ አንድ የአገራችን ዳይሬክተር ስላሸር ሊሠራ እንጦጦ ማርያም ወጣ እንበል። ሌሊት ነው፤ ልጅቱ ከባሕር ዛፉ መሐል ገዳዩን አየችው። መብራትና ሰው ያለው ከታች፣ ሽሮ ሜዳ ነው፤ እሷ ግን ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ትሮጣለች። አዳራሹ «ወደ ታች!» ብሎ ይጮሃል። ልጅቱ እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ የተጨነቀ ሰው በደጀ ሰላም ሲማጸን እያየች የኖረች መሆኗን ፊልሙ ቀደም ብሎ ካሳየን ግን፣ ሽቅብ መሮጧ ከማንም ውሳኔ የበለጠ ትክክል ነው። ይህን የመሰለ ውሳኔ ከውጭ ፊልም ተቀድቶ አይገኝም፤ ስለዚህ ባየው ደስ ይለኛል። ሽንቁሩ ሌላ ቦታ ሊገኝ ይችላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ተራራ ላይ እሷ ትንፋሽ አጥሯት ስትወድቅ፣ እንደ እሷው ተራ ሰው ነው የተባለው ገዳይ ሳያለከልክ ከደረሰባት፣ ፊልሙ የራሱን ቃል አፍርሷል። ከሰዓት እዚያው ቆማ በስልክ ያወራች ልጅ ማታ «ኔትወርክ የለም» ካለችና ምክንያቱ ካልተነገረንም እንደዚያው።

ዳይሬክተሩ ታሪኩን ወደ ኋላ ወስዶ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ዘውድ በጫኑበት በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዋዜማ ቢያደርገውስ? ገዳዩ ከባሕር ዛፍ ጀርባ ከወጣ ስህተት ነው፤ ዛፉ ወደ አገራችን የገባው ከንግሡ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነውና። ይህ ግን የመቼት ስህተት ነው፤ ፊልሙ የተጋጨው ከታሪክ መዝገብ ጋር እንጂ ከራሱ ጋር አይደለም። በመጀመሪያው ትዕይንት የቤተ መንግሥት ሰዎች ተራራው ተራቁቶ ማገዶ መጥፋቱን ሲያማርሩ ሰምተን፣ በመጨረሻው ልጅቱ በዚያው ተራራ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ከተደበቀች ግን ያኔ የሴራ ሽንቁር ነው።