ጉዳት የሌለውን የድረ ገጽ ፕለጊን ከጎጂ ኮድ የመለያ ዘዴዎች

በድረ ገጽ ላይ የሚጫኑ ተጨማሪ ፕሮግራሞች፣ በተለምዶ ፕለጊን የሚባሉት፣ በቀላሉ የማይነበብ ኮድ ሊይዙ ይችላሉ። ደህናውን ኮድ ጎጂ ነው ብሎ ማጥፋት አገልግሎትን ያቋርጣል፤ ጎጂውን ደህና ነው ብሎ ማለፍ ደግሞ የተቋሙን መረጃ ለአደጋ ያጋልጣል።

ለአብነት በጅማ ከተማ ሰቶ ሰመሮ ወይም በአጋሮ የሚገኝ አንድ መስሪያ ቤት የቡና ጨረታ ማስታወቂያ በድረ ገጹ ቢያወጣ፣ በገጹ ላይ የሚፈጸም ድብቅ ለውጥ ነጋዴውንም ሆነ አርሶ አደሩን ለኪሳራ ሊዳርግ ይችላል።

የማይነበብ ኮድ ሁሉ ግን ጎጂ አይደለም። ገጹ ፈጥኖ እንዲከፈት ሲባል የተጨመቀ ጃቫስክሪፕትና ቤዝ 64 በተሰኘው አጻጻፍ የተቀመጠ ምስል የተለመዱ ናቸው። አሳሳቢ የሚሆነው የተሰወረው ጽሁፍ ተፈትቶ ወዲያውኑ እንደ ትዕዛዝ ሲፈጸም፣ በተለይም ትዕዛዙ ከውጭ የሚላክ ሲሆን ነው። ለምስሎች በተመደበ ማህደር ውስጥ የፒኤችፒ ፋይል መገኘቱና ተቋሙ የማያውቀው የአስተዳዳሪ አካውንት መፈጠሩም ከምልክቶቹ መካከል ናቸው።

ቀዳሚው የማጣሪያ ዘዴ ፋይሉን ከአዘጋጁ በቀጥታ ከተገኘ ተመሳሳይ እትም ጋር ማነጻጸር ነው። ልዩነት ካልተገኘ ፋይሉ ከተጫነ በኋላ አልተለወጠም ማለት ነው።

ይሁንና ይህ ብቻውን በቂ አይደለም። ዲስፕሌይ ዊጀትስ የተሰኘው የወርድፕረስ ፕለጊን ለሌላ ባለቤት ከተሸጠ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በይፋ በወጡ እትሞቹ ውስጥ ጎጂ ኮድ ተገኝቶበት ከወርድፕረስ የፕለጊን ማከማቻ ተወግዷል። ፕለጊኑ 200 ሺህ ያህል ድረ ገጾች ላይ ተጭኖ ነበር። ኮዱ የሚያወጣው ያልተፈለገ ጽሁፍ በይለፍ ቃል ለገቡ ተጠቃሚዎች ስለማይታይ አስተዳዳሪዎች በቀላሉ ሊያስተውሉት አልቻሉም። በመሆኑም የፕለጊኑ ባለቤት መለወጡን መከታተልና ድረ ገጹን እንደ ማንኛውም ጎብኚ ያለ ይለፍ ቃል ከፍቶ ማየት ተገቢ ነው።

አጠራጣሪ ፋይል ሲገኝ ከመሰረዙ በፊት ቅጂውንና የሰርቨሩን የክንውን መዝገብ ማስቀመጥ፣ ከዚያም የይለፍ ቃሎችን መቀየር ያስፈልጋል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የመንግስት አካላት በሚያስተዳድሩት የኮምፒዩተር ሥርዓት ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቁ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ፣ በአሁኑ ስያሜው አስተዳደር፣ ወዲያውኑ እንዲያሳውቁና ለፖሊስ ሪፖርት እንዲያደርጉ ይደነግጋል። ማስረጃው አስቀድሞ ከጠፋ ግን ድርጊቱን መርምሮ ፈጻሚውን ለህግ ማቅረብ አዳጋች ይሆናል።