የእኩል ድምፅ ደንብና የሐዋሳው ጉባኤ

የኢትዮጵያ ሕዝቦች አብዮታዊ ዴሞክራሲያዊ ግንባር፣ በአጭር አጠራሩ ኢሕአዴግ፣ የመጨረሻ የሆነውን ዐሥራ አንደኛውን ጉባኤ በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በከተማችን በሐዋሳ አደረገ። ከዚያ በፊት ስምንተኛው በአዳማ፣ ዘጠነኛው በባሕር ዳር፣ ዐሥረኛው በመቀሌ ተደርጎ ነበርና አሁን ተራው የደቡብ ነበረ። አንባቢ እንደሚያስተውለው፣ የስብሰባው ስፍራ እንኳ በአራቱ አባል ድርጅቶች አገር በዙር ይሄድ ነበር። ነገሩ የመስተንግዶ ጉዳይ ቢመስልም ከሥሩ የግንባሩ ዋና ደንብ ነበረበት፤ ይኸውም አራቱ ድርጅቶች በድምፅ እኩል ናቸው የሚለው ነው።

የግንባሩ ምክር ቤት 180 አባላት ነበሩት። የትግራዩ ሕወሓት 45፣ የአማራው ብአዴን 45፣ የኦሮሞው ኦሕዴድ 45፣ የደቡቡ ደኢሕዴን 45 ይልኩ ነበር። የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴም 36 ሲሆን ከእያንዳንዱ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰው ይገባበት ነበር። ሊቀ መንበሩን የሚመርጠው ይህ ምክር ቤት ነው፤ ሊቀ መንበሩም ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆን ስለ ነበረ፣ የአገሩ ሁሉ መሪ ማን እንደሚሆን የሚቈርጡት እነዚህ 180 ሰዎች ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ደንቡ ሲወጣ ምክንያት አልነበረውም ለማለት አንደፍርም። ግንባሩ በ1981 ዓ.ም. ሲመሠረት ሕወሓትና በኋላ ብአዴን የተባለው ኢሕዴን በአንድ የጦር ሜዳ የሚዋጉ ነበሩና፣ በመካከላቸው የሕዝብ ብዛት መቍጠር የማይታሰብ ነበረ። ትንሹ በትልቁ እንዳይዋጥ ማድረግም ራሱን የቻለ ፍትሕ ነው። ዳሩ ግን ለጦር ሜዳ የወጣው ደንብ ለመንግሥት ሥራም ሳይለወጥ ቀረ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ኦሮሚያ 27 ሚሊዮን፣ ትግራይ 4.3 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራቸው፤ ሁለቱም 45 ወንበር አላቸው። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው የሶማሌ ክልል ነው፤ ሕዝቡ 4.4 ሚሊዮን ሆኖ ከትግራይ ጥቂት ቢበልጥም፣ የሚመራው ድርጅት «አጋር» ስለ ተባለ በምክር ቤቱ አንድም ድምፅ አልነበረውም። አፋር፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ጋምቤላና ሐረሪም እንዲሁ ነበሩ።

ለእኛ ለሐዋሳ ሰዎች ደግሞ ጥያቄው ድርብ ነበረ። የደቡብ 45 ወንበር ከ50 በላይ ለሆኑ ብሔረሰቦች ይከፈል ነበርና፣ በአራቱ መካከል የታየው እኩልነት በደቡብ ቤት ውስጥ የሚደረገውን ሌላ ሒሳብ ይሸፍን ነበር። የሲዳማ ዞን ብቻውን በዚያው ቈጠራ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ነበረው።

ምርጫው በስምምነት እስካለቀ ድረስ ይህን ሁሉ በብርቱ የጠየቀ አልነበረም። አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ከሥልጣን ለመልቀቅ ሲጠይቁ ግን ወንበሩ በእውነት መቈጠር ጀመረ። መጋቢት 18 ቀን ዶክተር ዐቢይ አሕመድ 108፣ የደኢሕዴኑ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ዶክተር ደብረ ጽዮን ገብረ ሚካኤል 2 ድምፅ አገኙ። ሁለት ድርጅቶች ሙሉ በሙሉ ቢተባበሩ ድምፃቸው 90 ብቻ ነው፤ ይህም በትክክል ግማሽ እንጂ አብላጫ አይደለም። ስለዚህ 108 ድምፅ ያገኘ ሰው ቢያንስ 18ቱን ከሌሎቹ ከሁለቱ ቤቶች አግኝቷል ማለት ነው። በእኛ አስተያየት የድርጅት ወገንተኝነት ለመላላቱ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

እንዲህ ያለ ጠብ በእኛ አገር ብቻ የተነሣ አይደለም። የአሜሪካ ዴሞክራቶች እ.ኤ.አ. በ1968 በቺካጎ ባደረጉት ጉባኤ ሁበርት ሃምፍሪ በአንድም የክፍለ ሀገር ቅድመ ምርጫ ሳይወዳደሩ ስለ ታጩ ታላቅ ሁከት ሆነ። ከዚያ በኋላ ኮሚሽን አቋቁመው የልዑካኑን አመራረጥ ደንብ ለውጠው፣ በ1972 ሠሩበት። በ2008 ደግሞ ፍሎሪዳና ሚሺጋን ከተወሰነው ቀን አስቀድመው ምርጫ በማድረጋቸው ልዑካናቸው ተሰረዙ፤ ባራክ ኦባማና ሂላሪ ክሊንተን በብርቱ ሲፎካከሩ የፓርቲው የደንብ ኮሚቴ ግንቦት መጨረሻ ላይ በግልጽ ተሰብስቦ ለእያንዳንዱ ልዑክ ግማሽ ድምፅ ፈረደ። ፍርዱን ያልወደደው ብዙ ነበር፤ ቢሆንም ከቤቱ የወጣ ወገን አልነበረም።

በሐዋሳው ጉባኤ ዶክተር ዐቢይ ከ177 ድምፅ 176ቱን አግኝተው በሊቀ መንበርነት ጸኑ። ከላይ ሲታይ ሁሉም አንድ ልብ ሆኖ ነበር። ክርክሩ የፈነዳው በዓመቱ ነው፤ አራቱንና አጋሮቹን አዋሕዶ አንድ ፓርቲ የማድረጉ አሳብ ሲቀርብ፣ የቀድሞው የእኩል ወንበር ሒሳብ ከነአካቴው የሚፈርስ ሆነ። ሕወሓት ውሳኔው ከደንብ ውጭ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ግን ሁለቱም ወገን የሚቀበለው ዳኛ በግንባሩ ውስጥ አልነበረም። ደንቡ ጠብ ሳይኖር ቢታይ ኖሮ ይህ ሁሉ በቀለለ ነበር የሚል እምነት አለን፤ ሠላሳ ዓመት የተኛ ጉዳይ በአንድ ወር ሊያልቅ አይችልም።

ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የሲዳማ ሕዝብ የራሱን ክልል ለማቋቋም በሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሰጠ። በማግስቱ ኅዳር 11 ቀን የግንባሩ ምክር ቤት ሕወሓት በሌለበት ውሕደቱን አጸደቀ፤ ኅዳር 21 ቀን ብልጽግና ፓርቲ በስምንት ድርጅቶች ፊርማ ተመሠረተ። የደቡቡ ድርጅትና 45 ወንበሩ በዚያው ቀሩ፤ ሐዋሳም በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ወር የሲዳማ ክልል መቀመጫ ሆነች።